የፓንዳዋ ወረቀት

ሰው «አዳዳ አረፈች» ሲለኝ አሁንም ክው እላለሁ። ምን ሆና? ደህና አልነበረችም እንዴ?

አዳዳ የምንላት የአባቴ እህት ጎጆ በምትባል ከተማ ለአንደኛ ክፍል ልጆች እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። መንገድ የሚሠሩ ቻይናዎች ከሰጧት ካላንደር ላይ አንድ ሥዕል ቆርጣ ክፍሏ ውስጥ ለጥፋለች፤ የዓይኑ ዙሪያ የጠቆረ፣ ቁጭ ብሎ ቀርከሃ የሚበላ ነጭ ወፍራም እንስሳ። «ዚስ ኢዝ ኤ ፓንዳ» ስትላቸው ልጆቹ ባንድ ድምፅ «ዚስ ኢዝ ኤ ባንዳ!» ይሏታል። አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱ ናቸው፤ ፖሊሱንም «ቦሊስ» ነው የሚሉት።

«ኧረ በሕግ! ይሄ ምስኪን ማንን ከድቶ ነው ባንዳ የምትሉት?» ትልና ቀጭን ወረቀት ቀድዳ ከንፈራቸው ፊት ትይዛለች። «ፓ ካላችሁ ወረቀቷ ትዘላለች። ባ ካላችሁ ዝም ትላለች።» ወረቀቷ ስትዘልላት «ኢሾ! ጎበዝ!» እያለች እሷም አብራ ትዘላለች። እኛንም ቤት ውስጥ በዚችው ወረቀት ነው ያሳደገችን።

ያን ቅዳሜ ጠዋት አምቦ እኛ ቤት መጥታ ትንሿን ልጄን «ፓ» ማለት ስታለማምዳት ነበር። ወረቀቷን እንደያዘች ወንበሩ ላይ ዘንበል አለች። የምትቀልድ መስሎን ሳቅን። «አዳዳ!» አልኩ። «አዳዳ!»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ወረቀቷን ከጣቶቿ መሃል አውጥቼ ከንፈሯ ፊት ያዝኩ።

«ፓ በይ፣ አዳዳ» አልኳት።

ወረቀቷ ዝም አለች።