ቀሪ የሌለበት ክፍል

ወይዘሮ ወለተሐና ዕድሜያቸውን የፈጁበት ችግር ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው፤ ተማሪ ይቀራል። መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነጌሌ ቦረና ዳር ባለች አንዲት ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ዝናብ ሲኖር ክፍሉ ሙሉ ነው። በጋው ሲገባ ግን የአርብቶ አደሮቹ ልጆች መጣ ጠፋ ይላሉ። የሚጠፉበት ቀን ደግሞ አይጨበጥም። በዚህ ሳምንት ሰኞ የቀረች ልጅ በሚቀጥለው ሰኞ ፊት ወንበር ላይ ትገኛለች። የገበያ ቀን ነው እንዳይባል ገበያ ቀኑን አይለዋውጥም።

አባታቸው ከሰሜን በዳኝነት ተመድበው የመጡ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ግን ነጌሌ ተወልደው ነጌሌ አደጉ። ሆኖም ያደጉት ውኃ በአህያ ተጭኖ በር ድረስ በሚመጣበት ሰፈር ነውና ከብት መቼ እንደሚጠጣ አስበውት አያውቁም። ስለዚህ ነገሩ ስንፍና ነው ብለው ደመደሙ። ኢቢሴ የምትባለውን ልጅም «አባትሽን ይዘሽ ነይ» ብለው መለሷት።

አባትየው ጣዲቻ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ መጣ።

«አካም፣ በርሲስቱ» አለ፤ በኦሮምኛ እንዴት ነሽ፣ አስተማሪዋ ማለቱ ነው። «ልጄን ለምን አባረርሽ?»

«ደስ ባላት ቀን ትመጣለች፣ ደስ ባላት ቀን ትቀራለች።»

«ደስ ባላት ቀን አይደለም። ከብቱ በጠማው ቀን ነው። አንቺ ሒሳብ አስተማሪ አይደለሽ? ቁጠሪያ።»

ይህን ለልጅ ልጃቸው ለረሆቦት ሲያወሩ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይስቁ ነበር። ቆጠሩ፤ እውነትም ወጣ። በበጋ የቦረና ከብት በየቀኑ አይጠጣም። ሰኞ የጠጣ ከብት ሁለት ቀን ግጦሽ ላይ ውሎ ሐሙስ ወደ ኤላው፣ ማለትም ወደ ጥልቁ የውኃ ጉድጓድ ይመለሳል። ከዚያ እሑድ፣ ከዚያ ረቡዕ እያለ ይሄዳል። የውኃው ተራ በሦስት ቀን ይዞራል፤ የትምህርት ቤቱ ሳምንት ግን በሰባት። ሁለቱ አይገጣጠሙም። ኢቢሴ አንድም ቀን በስንፍና ቀርታ አታውቅም፤ የቀረችው ጥጃ ልትነዳ ነው። ተራውን የሚያስከብረው ሰው አባ ሄሬጋ ይባላል፣ የቁጥሩ አባት እንደ ማለት ነው። በዚያ ኤላ ላይ ይህን ሹመት የያዘው ራሱ ጣዲቻ ነበር።

ወይዘሮ ወለተሐና መፍትሔ ያሉትን ከዚያው አወጡት። ጠዋት ክፍል ያስተምሩና ከሰዓት ጠመኔና የተሰነጠቀ ሰሌዳ ይዘው ተራ ደርሷቸው ኤላው ላይ ወደ ዋሉት ልጆች በእግር ይሄዳሉ። ከብቱ በሚጠጣበት ገንዳ ዳር ሁልጊዜ እርጥብ ጭቃ አለ፤ ልጆቹ መልሱን በጣታቸው እዚያ ላይ ይጽፋሉ። አንዳንዴ ላም ትረግጠዋለች።

«አየሽ፣ ላሜ አረመችው» ይላል ጣዲቻ።

«ስህተት እኮ አልነበረም።»

«እንግዲያው ከአንቺ የባሰች ቁጡ አስተማሪ ናት።»

ኢቢሴ በዚህ ዓይነት ስምንተኛ ክፍልን ጨረሰች። ሌሎችም ጨረሱ። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ከቢሮ የሚመጣው ተቆጣጣሪ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ብቻ ቆጥሮ ይሄዳል። ገንዳ ዳር የተማረ ልጅ ለእሱ ቀሪ ነው። ወይዘሮ ወለተሐና ክፍላቸውን መሙላት ያቃታቸው መምህርት ተብለው እድገት ሳያገኙ ጡረታ ወጡ። በሽኝቱ ቀን ጋቢ አለበሷቸው።

ከዓመታት በኋላ ቦታውን ረሆቦት ወረሰች። የኢቢሴ ልጅ ጠጂቱ ደግሞ ተማሪዋ ሆነች፤ እሷም እንደ እናቷ በሦስት በሦስት ቀኑ ትቀር ነበር። ከዚያ ዝናቡ ከዳ። በሚቀጥለውም ወቅት ቀረ፤ በሚቀጥለውም።

አንድ ቀን ከሰዓት ረሆቦት እየተቻኮለች ቤት ገባች።

«እማማ፣ ዛሬ ክፍሌ ውስጥ አንድ ቀሪ የለም።»

አያቷ ምስር እየለቀሙ ነበር። «ጠጂቱም መጣች?»

«መጣች።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ነበረች። ከትናንት ወዲያም። ምነው፣ ደስ አይልም?»

ሰፌዱን መሬት አስቀመጡት። «እንግዲያው ከብቱ አልቋል» አሉ።

አልቆ ነበር። ጣዲቻ ጠዋት ጠዋት መነሣት ያቃታቸውን ላሞች ጭራቸውን ይዞ ሲያቆም፣ ሲወድቁበት እንደገና ሲያቆም ከርሞ፣ በመጨረሻ የሚያቆመው ሲያጣ ከኢቢሴና ከጠጂቱ ጋር ከተማው ዳር ሸራ ወጥሮ ተቀምጧል። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚመጡት ሌላ መሄጃ ስለሌላቸው ነው። ጠግበው ስለማያድሩም ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ይተኛሉ። ረሆቦት ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም ስትጠራ «አለሁ» የሚለው ድምፅ ጆሮዋን ያማታል።

ቦረና ከብቱ ላለቀበት ሰው ጎሳው ከየቤቱ ከብት አዋጥቶ የሚያቋቁምበት ሥርዓት አለው፤ ቡሳ ጎኖፋ ይባላል። ወይዘሮ ወለተሐና ለጣዲቻ አንዲት ጊደር እንዲሰጠው ከሽማግሌዎቹ ዘንድ ይመላለሱ ጀመር። የሽማግሌዎቹም በረት ባዶ ነበርና ዝናብ ይምጣ ተባሉ። ዝናቡ ሳይመጣ እሳቸው ሞቱ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከቢሮ የመጡት አቶ ቢረሳው ቆመው ተናገሩ። የመምህርቷ የዘመናት ልፋት ፍሬ አፍርቶ ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ ቀሪ የሌለበት ሆኗል አሉ። ሰው ራሱን ነቀነቀ። ጣዲቻ ወደ ረሆቦት ዘንበል ብሎ፣

«ክፍሉን የሞላው ድርቁ ነው። ለእሱም ጋቢ ያልብሱት» አላት።

ዝናቡ በኋላ መጣ፤ ሣሩም በቀለ፤ የሚግጠው ግን አልነበረም። አሁን ረሆቦት ቅዳሜ ቅዳሜ ከጣዲቻ ጋር ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበት ግራር ሥር ትሄዳለች። ባለፈው አንዱ ሽማግሌ ትክ ብለው አይተዋት፣

«ጎሳሽ ማነው?» አሏት።

«ጎሳ የለኝም። የጠጂቱ አስተማሪ ነኝ።»

«ጊደሯ ከተገኘች ልጅቱ በበጋ ትቀርብሻለች። አስተማሪ ሆነሽ ይህን ትለምኛለሽ?»

«አዎ፣ አባቴ። እንድትቀር ነው የምለምነው። እኔ ገንዳው ድረስ እመጣለሁ።»

ሽማግሌው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። እነ ረሆቦት ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጥረዋል። የተሰነጠቀው ሰሌዳ ረሆቦት ቤት በር አጠገብ ተደግፎ ቆሟል።