የሸሹትን ማሳደድ ያስተማረን ጋሼ ዘውዱ

ሙሄ ጠዋት ደወለ። "ጋሼ ዘውዱ..." ከማለቱ ዘጋሁበት። ከዚያ መልሼ ደወልኩ፤ ሌላ ነገር እንዲለኝ። አላለኝም።

ትናንት አረፈ፣ ሳንታ ሞኒካ፣ ሆስፒታል ውስጥ። ብቻውን።

"ብቻውን" የምትለዋን ቃል ከጠዋት ጀምሮ እሸሻታለሁ።

ለማታውቁት፦ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ እዚህ ሎስ አንጀለስ ትንሽ የብስክሌት ቡድን ነበረችን። ሙሄ፣ እኔ፣ ጋሼ ዘውዱ። ፕሮፌሽናል ተብለን፣ ውድድር በሌለ ቀን ታክሲ ድራይቭ እናደርግ ነበር። አለቃችን ጋሼ ነው።

ውድድር ላይ ጥቂት ሰዎች ከጭፍራው ተነጥለው ወደፊት ሲያመልጡ እኔና ሙሄ እንደነግጣለን። ወዲያው እንከተል እንላለን። ጋሼ ግን፣

"ይንጠልጠሉ!" ይላል። "ከዓይናችሁ አይጥፉ፣ ግን አትያዟቸው። ንፋሱ ይጨርሳቸው።"

ቶሎ ከተያዙ፣ ያልደከመ ሌላ ሰው ያመልጣል። ስለዚህ ተራ በተራ ከፊት እየሆንን ንፋሱን እንሰብራለን፣ ርቀቱን እንጠብቃለን፣ መጨረሻው ሲቃረብ እንይዛቸዋለን። ሲያወሩት ቀላል ነው። የሰው ጀርባ እያነሰ እያነሰ ሲሄድ እያዩ መታገስ ግን ቀላል አይደለም።

አንድ ቀን ስፖንሰራችን "ዛሬ ካላሸነፋችሁ ቡድኑ ይፈርሳል" አለን። በዚያው ውድድር ካመለጡት አንዱ ተፈራ ሆነ፤ ለሌላ ቡድን የሚጋልብ፣ ቫን ናይስ ሰፈር የሚኖር ያገራችን ልጅ። የኛ ሰዎች ከሐበሻው ሰፈር ከፌርፋክስ ነቅለው መጥተው ዳገቱ ላይ "ተፌ! ተፌ!" ይላሉ። ሙሄ ተራው ደርሶ ከፊት ሲሆን ፍጥነታችን ወረደ።

"ምን ሆንክ?"

"ጋሼ፣ ተፈራ እኮ ነው! ያገር ልጅ ይባረራል እንዴ?"

"መስመሩን ስናልፍ ትስመዋለህ! አሁን እርገጥ!"

"ሰፈር ምን ይለኛል?"

"ቡድኑ ሲፈርስ ሰፈር ይቅጠርህ!"

ዘግይተን ነበር። ከዓይን ጠፍተዋል። የቀረን ቁልቁለቱ ብቻ ነው፣ ዝናብ ያረጠበው። እኔ ደግሞ አንዴ ከወደቅኩ ወዲህ ቁልቁለት ላይ እጄ ከፍሬን አይላቀቅም።

ጋሼ አለፈኝ። "የኋላ ጎማዬን ብቻ እይ። ፍሬን የለም።"

ጎማውን አየሁ። ገደሉን አላየሁም። ኩርባ። ሌላ ኩርባ። በየኩርባው እናቴን ጠራሁ። ታች ሜዳው ላይ የተፈራ ጀርባ ብቅ አለ። መስመሩ ሲታይ ያዝናቸው። ሙሄ ከኋላችን ወጥቶ ሁሉንም ቀደመ። ቡድኑ ተረፈ። ተፈራ "አንተ ዘመድ ጠላት!" እያለ ሙሄን አቅፎ ሳመው።

ጋሼን ፈለግኩት። ከመኪናችን ጀርባ ቆሟል፣ ብስክሌቱን አልለቀቀም። ጣቶቹ መሪው ላይ ደርቀው አልታዘዝ ብለውታል። አንድ በአንድ አላቀቅኩለት። 

"ቁልቁለት ስፈራ ሁሌም እንዲህ ነኝ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ለሙሄ አትንገር።"

አልነገርኩም። ሙሄ፣ አንተም አሁን ነው የምታነበው።

ጋሼ፣ እኔ መቼም የምታውቀው ፈሪ ነኝ። ትናንት ጣቶችህ የአልጋውን ብረት ይዘው ቀርተው፣ የሚያላቅቅልህ አጥተህ እንደሆነስ? ማንን ልጠይቅ?

ደህና ሁን ጋሼዬ። የምትሄድበት መንገድ ሜዳ ይሁንልህ።