የቅዳሜው ኮንሰርት ያለ ምንቴ

"ምንተስኖት ሞተ" ሲሉኝ "የቱ ምንተስኖት?" አልኩ። እኔ በሕይወቴ የማውቀው አንድ ምንተስኖት ብቻ ነው። አፌ ግን ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር።

አሁንም አላመንኩም። ስጽፍ ከተሳሳትኩ እለፉኝ።

ለማታውቁት፣ ምንቴ የባንዳችን ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። "ነበር" ማለት ገና አልሆነልኝም። እኔ ፊት ቆሜ እዘፍናለሁ፣ እሱ ከኋላዬ ነው። ቅዳሜ ሩዋንዳ ሰፈር ኮንሰርት ነበረን፤ ፖስተሩን ስታጋሩልን የሰነበታችሁት ኮንሰርት ነው። ትናንት ከሰዓት ወደ ልምምድ ሊመጣ ኢምፔሪያል ጋ ታክሲ ሲጠብቅ ድንገት ወደቀ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ። ልቡ ነው አሉ። ታሞ እንኳን አያውቅም እኮ።

ትናንት ለምን ዝም እንዳልኩ ለጠየቃችሁኝ ልንገራችሁ። በዚያው ሰዓት እናቱ እማማ ዘነበች ከቡታጅራ በአውቶቡስ እየመጡ ነበር። ለኮንሰርቱ። ልጃቸው ሲጫወት አንድም ቀን ሰምተው አያውቁም። "ዘንድሮስ ሳልሰማህ አልሞትም" ብለውት ነው የተነሱት።

መርዶ ደግሞ መንገድ ላይ አይነገርም። ሽማግሌዎቹ "ጠዋት ነው የሚረዱት፣ እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል" አሉ። በስልክ ድምፄን ስለሚያውቁት መናኸሪያ ሄጄ እንድቀበላቸው የተላክሁት እኔ ነኝ።

"ምንቴስ?" አሉኝ ገና ከአውቶቡሱ ሳይወርዱ።

"ልምምድ ላይ ነው እማማ።"

"ይበርታ። ሥራ ከያዘ አትጥሩት።"

ገርጂ አክስቱ ቤት እስክንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ሬዲዮው ስሙን እንዳይጠራ ስጸልይ ነበር። ስልኬን ስከፍት ደግሞ አንዳንዶቻችሁ ፎቶውን ከሻማ ጋር ለጥፋችኋል። እማማ ትከሻዬ ላይ ደገፍ ብለዋል፣ እኔ ስልኬን ደብቄ "አንሱት፣ እናቱ አልሰሙም" እያልኩ ለእያንዳንዳችሁ እጽፋለሁ። ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

አመሻሽ ላይ እማማ "ልጁ ቀረሳ" አሉ። አክስቱ "ሥራ ይዞት ነው" አለቻቸው ፊቷን አዙራ።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ መርዶውን ተረዱ። የሆነውን አልጽፈውም።

ምንቴን ምን ብዬ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ሥራችን እዚያው ሩዋንዳ፣ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ ነበር። እኔ ስፈራ እፈጥናለሁ። ዘፈኑን ሳሮጠው ከበሮ መቺያችን ሊደርስብኝ በላብ ተጠመቀ። ምንቴ ግን አልተከተለኝም። እዚያው በነበረበት ቀጥ አለ። ዞሬ ሳፈጥበት ጠጋ ብሎ "ማን አባረረሽ?" አለኝ። ሳላስበው ሳቅኩ፣ ትንፋሼም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መድረክ ልንወጣ ስንል ይቺን ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም። ሌላ ምክር ሰጥቶኝም አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት ከለቅሶው መሃል እማማ ጠሩኝና "አንቺ አብረሽው ነበርሽ። አሰሚኝ" አሉኝ።

"ምኑን እማማ?"

"የሚጫወተውን።"

ለቅሶ ቤት ሙዚቃ ማን ይከፍታል? አጎቱ "ኧረ ነውር ነው፣ ሰው ምን ይላል" አሉ። እማማ ቀና ብለው "ልጄን ልሰማ ነው እንጂ ልጨፍር ነው?" አሏቸው።

ጓዳ ይዣቸው ገባሁና ስልኬ ላይ የነበረውን የልምምድ ቅጂ ከፈትኩላቸው። ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አዳመጡ።

"ይሄ ያንቺ ድምፅ ነው። የቱ ነው የሱ?"

የቱ ልበላቸው? በስልክ የተቀዳ ቤዝ አይሰማም። የኔ ድምፅ ይሰማል፣ ኪቦርዱ ይሰማል፣ ከበሮው ይሰማል፤ ምንቴ ግን በሩቅ እንደሚያልፍ ከባድ መኪና ጉምጉም ይላል እንጂ አይለይም። "ከኋላ ያለው ነው" አልኳቸው። "ከኋላ የቱ?" አሉኝ። ደጋግመው አዳመጡ። አልሰሙትም።

ከዚያ ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። ሳውንድ የሚሠራልን ሳሚ አንዳንዴ ስንለማመድ የእያንዳንዳችንን መሣሪያ ለየብቻ ይቀዳል። ግን ኮምፒውተሩ ሲሞላበት ያጠፋዋል። ደወልኩለት። "አላስታውስም፣ እስቲ ልፈልግ" ብሎ ዘጋው። ይህን የምጽፈውም ስልኩን እየጠበቅኩ ነው። ጠፍቶ ቢሆንስ? እማማ ልጃቸውን ቀብረው፣ ምን ሲሠራ እንደኖረ እንኳን ሳይሰሙ ቡታጅራ ሊመለሱ ነው?

የቅዳሜው ኮንሰርት ቀርቷል። ቲኬት የያዛችሁ አዘጋጆቹ ያነጋግሯችኋል፣ እባካችሁ እኔን በውስጥ አትጠይቁኝ። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው፣ ድንኳኑ አክስቱ ግቢ ነው።

ሳሚ አሁን ደወለ።

አለ። አልጠፋም። የመጨረሻው ልምምዳችን፣ የምንቴ ብቻውን ተለይቶ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

ለእማማ ሄጄ ነገርኳቸው። "የሌሎቻችሁን ተዉት፣ የሱን ብቻ" አሉኝ። አዳራሹ እንደሆነ ለቅዳሜ የተያዘው በእኛ ስም ነው። በሩን ዘግተን በትልልቁ ሞንታርቦ እናሰማቸዋለን። አጎቱም "እኔም እመጣለሁ" ብለዋል።

ምንቴዬ፣ ቅዳሜ እኔ አልዘፍንም። ከበሮም ኪቦርድም አይኖርም። እናትህን ሞንታርቦው ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፣ እኔ እግራቸው ሥር እቀመጣለሁ። መብራት እንዳይጠፋ ከአሁኑ እየጸለይኩ ነው።

ደህና ሁን ወንድሜ። ቅዳሜ የምትጫወተው አንተ ብቻ ነህ።