ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ

ቁስቋም ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር፣ ከትምህርቷ ተነጥቃ የምትዳር ልጅ ታሪክ ያለበት የድሮ ልቦለድ እናነብ ነበር። የልጅቷን አባት አምርሬ እጠላው ነበር።

አንድ ቀን ከልቦለዱ ሽማግሌ የሚላክበትን ቦታ ተማሪዎቹን በድራማ አሠራኋቸው። ሦስት ወንዶች ሽማግሌ ሆነው «ልጅዎን ካልሰጡን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። አባት የሆነችውን ተማሪ «እምቢ ብለሽ መልሻቸው» ብያት ነበር። ቆመው ስታያቸው ግንባሯ በላብ ራሰ። በመጨረሻ «በቃ፣ እሺ፣ ተቀመጡ» አለች።

«ለምን ሰጠሻት?» ብዬ ጮህኩባት።

«ቲቸር፣ ሽማግሌ ቆሞብኝ ምን ላድርግ?»

ክፍሉ አውካካ። እኔ አልሳቅኩም። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አባቴን እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች አስቀምጦ አገኘሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ሳኮርፈው ኖሬ፣ ያኔ ግንባሩ ላይ የነበረው ላብ የታየኝ ያን ቀን ክፍል ውስጥ ነው።