የቀዩ ዶሮ አንገት

ለገሠ እሑድን የሚጠብቀው እስረኛ መፈቻ ቀኑን እንደሚጠብቅ ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን ፈረስ መጋላ ካለው መሥሪያ ቤት ተቀምጦ የሰው ማመልከቻ ይገለብጣል። ከሥራ ሲመለስ፣ ሐኪም ጋራ ሥር ካለው ቤታቸው ደጃፍ እናቱ ወይዘሮ ለተማርያም ቆመው፣ "ዛሬስ ምነው ዘገየህ?" ይሉታል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።

እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ ጓደኛው ልብስ ሰፊው ዩሱፍ በአጎቱ ፊያት መኪና መጥቶ ይወስደውና ዓለማያ ሐይቅ ይወርዳሉ። አንድ የእርሻ ኮሌጅ ፈረንጅ ነው ዓሣ ማጥመድ ያስተማራቸው፤ መንጠቆ ላይ የዶሮ ላባ በክር ጠምጥሞ ዝንብ ማስመሰል፣ ከዚያ በረጅም ዘንግ ወርውሮ ውሃው ላይ ማሳረፍ። ክሩ ከዩሱፍ፣ ላባው ከለገሠ ግቢ። ዓሣ ባይዙም ብርቱካን እየላጡ ሲሳሳቁ ይውላሉ። ዝንቡ በአየር ላይ ሲከንፍ ለገሠ ሁሌም ይደነቃል፤ ያ የእጁ ሥራ ነው፣ እንዲያ ርቆ የሚሄደው!

በጥቅምት መጀመሪያ የቀዩን ዶሮ አንገት ነጨ። ላባው እንደ ነሐስ ያበራ ነበር። እናቱ ሲያዩ ጮኹ።

"የገብርኤልን ዶሮ! ለቁልቢ የተሳልኩትን!"

"እማዬ፣ መች ነገርሽኝ?"

"ታዲያ አንገቱን ራቁቱን ላግባለት? ላባው እስኪበቅል ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አትሄድም!"

እሑድ የፊያቷ ጥሩምባ ጮኸ። ዩሱፍ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰግጎ ነገሩን ሲሰማ፣ "ወላሂ፣ በዶሮ የታሰረ ሰው አንተን አየሁ!" አለ። ለገሠ ዝንቦቹን በክብሪት ሣጥን አቀበለው። ሣጥኑ ሲመለስ አንዱ ዝንብ ተቦጭቆ ነበር። የተቦጨቀውን በጣቱ እየዳሰሰ ያላየውን ዓሣ ለማየት ሞከረ።

በየጧቱ የዶሮውን አንገት ያያል። ላባው መጀመሪያ እንደ እሾህ ጫፍ ብቅ አለ፤ ከዚያ ቀላ። ኅዳር ሲያልቅ ሞላ።

"እማዬ፣ በቅሏል። እንግዲህ እሑድ ልሂድ?"

"መጀመሪያ ስለቱን አግባልኝ።"

"ለመሆኑ ምን ብለሽ ነበር የተሳልሽው?"

ወይዘሮ ለተማርያም የዶሮውን ጀርባ ደባበሱ። "ልጄን ከደጄ ካላራቅህብኝ ብዬ ነዋ። ይኸው ሰማኝ፤ ስምንት እሑድ ሙሉ ቤት ዋልክልኝ። የከርሞውንም ተስያለሁ። ነጩን ዶሮ እንዳትነካ!"

ለታኅሣሥ ገብርኤል ለገሠ ከተሳላሚዎች ጋር በእግሩ ወጣ። የቁልቢ መንገድ በሐይቁ ዳር ያልፋል። ዩሱፍ ከወዲያ ሆኖ ዘንጉን ወረወረ፤ ዝንቡ ከነፈና ውሃው ላይ አረፈ። ከዚያ ለገሠን አይቶ እጁን አውለበለበለት።

የለገሠ ሁለት እጆች ዶሮውን ይዘው ነበር።