ስፌቱ ወዴት ይተኛ

እህቴ ከዓረብ አገር ስትመለስ በሻንጣዋ ካውያ ይዛ መጣች። ሰው ሽቶ ይዞ ይመጣል፣ ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል፣ እሷ ካውያ! ያውም ውሃ እየጠጣ እንፋሎት የሚተፋ። እኔ መካነ ሰላም ገበያ ዳር በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የዚህ ከተማ ሙሽሮች ሱሪ በእኔ የከሰል ካውያ ነው የተተኮሰው። ሻንጣው ተከፍቶ ያን ነጭ ካውያ ሳይ ሆዴ ሻከረ።

«ምነው፣ አገሬ ካውያ የለም ብለሽ ነው?» አልኳት።

«ኧረ እታለም! ለምጄው ነው እንጂ» አለችኝ።

ነገሩ የካውያ እንዳልሆነማ እኔም አላጣሁትም። ነገሩ የልጅቷ ነው። እህቴ ባሏ ሞቶባት፣ ልጇን ጡት እንዳስጣለቻት ለእኔ ሰጥታ ነው የተሰደደችው። የምትችለውን ስትልክ ኖራለች፣ አልክድም። ያሳደግናት ግን እኔና ባለቤቴ ነን። ኩፍኝ ሲይዛት ያቀፍኳት እኔ፣ ትምህርት ቤት ያስገባኋት እኔ፣ ጸጉሯን የሠራሁላት እኔ። እኔን «እማ»፣ በስልክ የምትመጣውን እናቷን ደግሞ «እትዬ» እያለች አደገች። እንዲህ በይ ብዬ አላስተማርኳትም፤ አትበይ ብዬም አልከለከልኳትም። አሁን ልትዳር ነው። የሚያገባት የጎረቤቱ ወረዳ፣ የወግዲ ልጅ ነው፣ እህቴም ለሰርጉ ብላ ጠቅልላ መጣች።

እኛ ዘንድ ሙሽራ ከቤት የምትወጣው የእናት የአባቷን ጉልበት ስማ ነው። ወንበር ይቀርባል፣ ወላጆች ይቀመጣሉ፣ አገር ያያል። የአባትየው ወንበር የባለቤቴ እንደሆነ ማንም አልተከራከረም። የእናትየውን ግን አንድም ሰው አያነሳውም፤ ወሬው እዚያ ሲደርስ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያያል። እኔ ስሰፋም፣ ሽንኩርት ስከትፍም የማስበው ያንን ወንበር ብቻ ነበር። የቀረው ሰርግ አልታየኝም።

በዚህ መሃል እህቴ «ለልጅቷ የአልጋ ልብስ እንስፋላት» አለች። ከምን? ከቁርጥራጭ! በረንዳዬ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀውን የጨርቅ ትራፊ አይታ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ አለ፣ ነጭ አቡጀዴ አለ፣ የቀሚስ አበባ አበባ አለ።

«ድሪቶ ለሙሽራ?» ብዬ ሳቅሁባት። «የወግዲ ሰዎች ምን ይሉናል?»

ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችን። ማዳሟ፣ እህቴ ቤቷ ትሠራላት የነበረችው ዓረብ ሴት ማለት ነው፣ እንዲህ ያለ የአልጋ ልብስ መስፋት ትወድ ነበር አሉ፤ ማዳሟ ትሰፋለች፣ እህቴ ትተኩሳለች። ያምራል። ምን ላድርግ፣ ያምራል! ልጅቷ ገና ስታየው «ውይ እትዬ! ይሄንን ነው የምፈልገው!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ላይ እንዲያ ከተጠመጠመች ስንት ጊዜዋ!

ሥራውን ተከፋፈልን። እኔ መኪናው ላይ፣ እህቴ ካውያው ላይ፣ ልጅቷ ደግሞ እህቴ ጉያ። ሁለት ሁለት ቁራጭ እየገጠምኩ እሰፋና እወረውርላቸዋለሁ፣ እነሱ ይተኩሳሉ። ጆሮዬ ግን እዚያው ነው።

«አየሽ፣ ካውያው ስፌት ላይ አይገፋም» ትላታለች። «ይቀመጣል፣ ይነሳል። ከገፋሽው ቁራጩ ይለጠጥና ይጣመምብሻል። መጀመሪያ እንደተሰፋ፣ ሳትገልጪው ተኩሺው፣ ክሩ እንዲቀመጥ። ከዚያ ትገልጪውና ከስፌቱ የተረፈውን ጨርቅ ሁለቱንም አንድ ላይ ወደ ጠቆረው ጨርቅ ታስተኚዋለሽ። ወደ ነጩ ከተኛ በፊት ለፊቱ ጥላው ይታያል።»

የአንዱ ረድፍ ትርፍ ወደ ቀኝ ከተኛ የሚቀጥለው ረድፍ ወደ ግራ መተኛት አለበት አለቻት፤ ሁለቱ ረድፎች ሲገጠሙ ስፌት ከስፌት ጋር ይደገፋል፣ ማዕዘኑም ዝንፍ አይልም። ልጅቷ «እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ» ትላለች። እኔ መርፌ ላይ ክር አስገቢልኝ ስላት «ዓይኔን ደከመኝ» የምትል ልጅ!

«ያላ፣ አሁን ደግሞ አንቺ ሞክሪ» አለቻት እህቴ።

«ያላ!» አልኩ ከመኪናው ላይ ሆኜ። «ዓረብኛውንም ልታስተምሪልኝ ነው?»

ሁለቱም ሳቁ። አሳሳቃቸው ቁርጥ አንድ ነው፤ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ይሄን እኔ አልሰጠኋትም። በቅናት ፔዳሉን ረግጬ መርፌ ሰበርኩ።

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። መካነ ሰላም መብራት ሲሄድ መቼ ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ብቻ ነው። ያ ነጭ ካውያ ቀዝቅዞ ቁጭ አለ። እኔ በሆዴ «ተመስገን!» ብዬ ከሰል አቀጣጠልኩ፣ ካውያዬን ሞላሁ፣ አመዱን እፍ አልኩና «ዞር በሉ፣ ባለሙያ መጣ» አልኳቸው።

«እታለም፣ ትርፉን ወደ ጠቆረው…» ስትል አላስጨረስኳትም።

«አብሽሪ! እኔ ካውያ ስይዝ አንቺ አፍንጫሽን መጥረግ አታውቂም ነበር።»

እኔ የማውቀው የሱሪ ስፌት ነው። የሱሪ ስፌት ትርፉ ለሁለት ይከፈልና አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተዘርግቶ ይተኮሳል፣ እግር ላይ እንዳይወፍር። በእኔ እጅ የተተኮሰ ሱሪ ተተረተረ ብሎ የመጣ ሰው የለም። እናም የቀረውን ረድፍ ሁሉ እንደ ሱሪ ከፍቼ፣ ካውያውን ወዲያ ወዲህ እየገፋሁ ልጥፍ አደረግሁት። ጠፍጣፋ ሆነ። እህቴ አንድ በአንድ እያነሳች ለብቻ ደረደረችው፤ ያንንም አልወደድኩላትም።

በማግስቱ ረድፎቹን ልንገጥም ስንል ጉድ ፈላ። የእህቴ ረድፎች እርስ በርስ ልክክ ይላሉ። የእኔዎቹ በካውያ ተገፍተው ረዝመዋል፣ ማዕዘናቸው ከማን ጋር ሊገናኝ! በነጩ አቡጀዴ ላይ የዩኒፎርሙ ሰማያዊ እንደ እድፍ ይታያል። ልጅቷ አንዱን ወደ ብርሃን ይዛ ሳብ ብታደርገው በተከፈተው ስፌት መሃል ክሩ ብቻውን ገጦ ወጣ። ዩኒፎርም ጠንካራ ነው፣ አቡጀዴ ግን ስስ ነው፤ ትርፉ አንድ ላይ ወደ ጎን ቢተኛ ኖሮ ያን ክር ይሸፍነው፣ ይደግፈውም ነበር። ገባኝ። ለማን እነግራለሁ?

ልጅቷ ክፋት ሳይኖራት፣ «እማ፣ ይሄ ተበላሽቷል። እትዬ ታስተካክለው» አለች።

«አዎ፣ እትዬሽ ታስተካክለው!» አልኩ ከመኪናው ብድግ ብዬ። «ሁሉንም ታስተካክለው! ጉልበቷንም ሳሚላት፣ ለወንበሩም ቢሆን እሷ ታምራለች!»

ከአፌ አመለጠኝ። ልጅቷ «እማ፣ ምን ሆነሻል?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እህቴ መሬት ቁጭ ብላ የእኔን ስፌት በምላጭ ትተረትር ጀመር። ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ፤ ከማይመልስ ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ? እየነፈረቅሁ እንደገና ሰፋሁ፣ እሷም እንደገና ተኮሰች። የአልጋ ልብሱ አለቀ። የወንበሩ ነገር ግን አልተነሳም።

የሰርጉ ዕለት ነገሩን የጨረሱት አጎታችን ናቸው። በእሳቸው ላይ ቃል የሚመልስ የለም። «ወላጅ እናት በሕይወት እያለች ሌላ ሰው አይቀመጥም፤ ነውር ነው» አሉና እህቴን እጇን ይዘው ከባለቤቴ ጎን አስቀመጧት። እኔ ከሴቶቹ መሃል፣ በሩ አጠገብ ቆምኩ። እልል በይ ይሉኛል፤ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌያለሁ።

ሙሽራዋ ከጓዳ ወጣች። ወንበሮቹን አየችና ቀጥ ብላ ቆመች። የባለቤቴን ጉልበት ሳመች፤ ከዚያ ቀና አለችና ሰዉን በዓይኗ ትፈልግ ገባች። ሚዜዎቹ ይገፏታል፣ አትንቀሳቀስም።

እህቴ ከወንበሩ ተነሳች። በሰዉ መሃል አቋርጣ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«ነይ ተቀመጪ፣ ልጅሽን አታስቁሚያት» አለችኝ።

አጎታችን «ምን ነካሽ አንቺ?» ሲሉ፣ «ይተዉን ጋሼ» አለቻቸው።

ተቀመጥኩ። ልጄ ጉልበቴን ስማ እዚያው ድፍት ብላ አለቀሰች፣ እንባዋ ቀሚሴን አልፎ ገላዬ ደረሰ። ያን ሁሉ ጊዜ የተመኘሁት ይሄን ነበር። እኔ ግን በልጄ ትከሻ ላይ አሻግሬ እህቴን ነበር የማየው፤ እኔ በነበርኩበት ቦታ፣ በሩ አጠገብ ቆማ እልል ትላለች። ቀናሁባት። እኔ ብሆን ኖሮ ከዚያ ወንበር አልነሳም ነበር።