ያልመሰከርኩላቸው እማሆይ

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ የቀበሌ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ነሐሴ በገባ ቁጥር ግን ትናንት የሆነ ያህል አንገቴን ያስደፋኛል።

ቀበሌያችን በትርፍ ቤት አዋጅ የተወረሰ፣ ሰባት በር ያለው ረጅም ቤት ነበረው። ተከራዮቹ የከተማው ድሆች ናቸው። የጓሳ ሳር ክዳኑ በስብሶ ያፈሳል፤ የኋላ ግድግዳው በአጣና ተደግፎ ነው የቆመው። አንድ ክረምት ላይ ቤቱ ፈርሶ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ አዲስ ቤት ይሠራል፣ ኪራዩም አይጨምርም ተባለ። ተከራዮቹ በእልልታ ተቀበሉት። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዲሱን ቤት የሚያገኘው በምዝገባው ሰሞን ከተማው ውስጥ የነበረ ተከራይ ነው። ቤት ቆልፈው ገጠር የሚኖሩ ሰዎች ስላስቸገሩ የወጣ ደንብ ነበር።

ሰባተኛው በር ላይ አንዲት መነኩሴ ይኖሩ ነበር። ስማቸውን ልተወውና እማሆይ ልበላቸው። ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ሠሪዎች የበግ ጠጉር እየፈተሉ ነበር የሚያድሩት።

ፍልሰታ ገባ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሕመም ስለጠናባት "ጸበል አምጣልኝ" ብላ ለመነችኝ። የቀበሌ ጸሐፊ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ከታየ ጣጣ ነበረው፤ ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ ከቦታው የተነሳው በዚሁ ነው። ስለዚህ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ፣ ጠርሙስ ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ እንደ በግ ሌባ በከተማችን ቤተ ክርስቲያን የኋላ በር ገባሁ። ከመቃብር ቤቶቹ አንዱ ደጃፍ ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? እማሆይ! ሱባኤ ገብተዋል። ሱባኤ የሚገባ ሰው ለጎረቤት ተናግሮ አይወጣም፤ ያየኋቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠርሙሴን ተቀብለው ጸበሉን ራሳቸው ቀድተው ሰጡኝ።

"እኔም አላየሁህ፣ አንተም አላየኸኝ" አሉኝ ፈገግ ብለው። "ሂድ፣ ማርያም በሽልም ታውጣልህ።"

በሦስተኛው ቀን ምዝገባው ሆነ። ሊቀ መንበሩ፣ እኔና ሁለት የኮሚቴ አባላት በር በር ዞርን። ሰባተኛው ተቆልፏል።

"እማሆይ የት ሄዱ?" አለ ሊቀ መንበሩ።

አንዱ ጎረቤት "ሱባኤ ይሆናሉ" ሲል፣ ሌላዋ "ግሼ አገር ዘመድ ጋ ሳይሄዱ አይቀሩም" አለች።

"ይሆናል አይሠራም። በዓይኑ ያየ አለ?"

እኔ አይቻለሁ። ግን "የት አየሃቸው?" መባሌ አይቀርም። መዝገቡ ላይ "የለችም" ብዬ ጻፍኩ፤ ፊት ለፊት አንቱ የምላቸውን ሴት።

ጾሙ ሲፈታ እማሆይ ተመልሰው ነገሩን ሰሙና ስብሰባችን ላይ መጡ። ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም። "እማሆይ፣ እዚሁ እንደነበሩ የሚመሰክርልዎ ይጥሩ። የቄሶቹን ቃል ግን የበላይ አካል አይቀበለኝም፤ ሌላ ሰው ይሁን" አላቸው።

እማሆይ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ አቀረቀርኩ። አሁን ስሜን ይጠራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

"ከእመቤቴ በቀር ምስክር የለኝም" አሉ።

"ምስክር አላቀረበችም" ብዬ ጻፍኩ። ደግሞ የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበር።

ቤቱ ፈርሶ በበጋው ተሠራ። ሰባተኛው ክፍል ከሌላ አገር ተዛውሮ ለመጣ ሠራተኛ ተሰጠ። እማሆይ በዚያችው የመቃብር ቤት ቀሩ። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ባለቤቴ በሰላም ተገላገለች። ልጃችን ክርስትና ከተነሳች በኋላ አላስችል ብሎኝ ሄጄ እማሆይ እግር ላይ ወደቅሁ። "ለምን አልጠሩኝም?" አልኳቸው።

"የደረሰች ሚስት ይዘህ እንጀራህን ልዝጋብህ? እኔ እንደሁ አንድ ነፍስ ነኝ፤ የትም እጠጋለሁ" አሉኝ።

ቢቆጡኝ በወደድኩ። ያኔም ቢሆን ቀበሌ ሄጄ እውነቱን አልተናገርኩም። ዛሬ ነገ ስል፣ እዚያችው ጠባብ ቤት ውስጥ አረፉ።

ባለፈው ክረምት ያ "አዲሱ" ቤት በተራው አርጅቶ ሊፈርስ ነው ተብሎ መዝጋቢ ወጣቶች መጡ። በዚያ ሳልፍ አንድ የተቆለፈ በር ላይ ቆመው "ይሄኛው ሰው የለውም መሰለኝ" ሲባባሉ ሰማሁ።

"አለው! ጠዋት ዘንቢል ይዛ ስትወጣ እኔ አይቻታለሁ!" ብዬ ጮህኩ።

"እሺ አባባ፣ ምን አስቆጣዎት?" አሉኝ ደንግጠው።

ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል። እማሆይ በአንዲት ቃሌ ቤት ያገኙ ነበር፤ እኔ ያቺን ቃል ያወጣኋት ሸምግዬ፣ ስሟን እንኳ ለማላውቃት ሴት ነው።